ያልተጫረች ክብሪት

አስናቀው ያንን ንግግር የሰማው የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ግድም ነው፤ መርካቶ ውስጥ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ቆርቆሮ ግድግዳ ውጭ ቆሞ። ፊልሙ አልቆ ተመልካቹ ወጥቷል። ውስጥ ወንበር ይጎተታል። ሁለት ወንዶች ያወራሉ። አንደኛው አንድ ነገር ጠየቀ፤ ምን ብሎ እንደጠየቀ አስናቀው እስከ ዛሬ ትዝ አይለውም። ጆሮው ውስጥ የቀረው የሌላኛው መልስ ብቻ ነው።

“እንደዚያ ካደረግሁ ይቺ እጄ ትቆረጥ።”

ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ልጅ ነበርና ምኑም አልገባው፤ ግን ሳቃቸው ደስ ብሎት አብሮ ሳቀ። ድምፆቹን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። አንዱ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጎበዜ ነው፤ ሌላው ተርጓሚው ማስረሻ። ካደገ በኋላ፣ ፖሊስ ሆኖ የሰው ክዳት ቀለቡ ከሆነም በኋላ፣ አስናቀው ጓደኝነት ሲባል የሚመጣለት ያ ከቆርቆሮ ጀርባ የሰማው ሳቅ ነበር።

ጎበዜ ሰኞ ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ያገኘችው ጎረቤቱ ወሰንየለሽ ናት። ትራስ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት፤ በእሷና በሟቹ ክፍል መካከል ያለው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። እንደነገረችው፣ በሩን ያንኳኳችው ዝምታው ስላስፈራት ነው። ጋሽ ጎበዜ ከእንቅልፉ ሲነሳ ያስላል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ከራሱ ጋር ያወራል። ሰኞ ጠዋት አንዱም አልነበረም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ገፋ ስታደርገው ተከፈተ።

ኢንስፔክተር አስናቀው ሲደርስ ሳጅን ሀኒ ቀድማው ፎቶ እያነሳች ነበር። ሀኒ ፈጣን ወጣት ናት፤ እሱ ደግሞ ቀስ የሚል፣ ብዙ የሚሰማና ጥቂት የሚጠይቅ ሰው። በሩ ላይ ቆሞ በልቡ አማተበ፤ ከዚያ ገባ።

ክፍሉ ከሲኒማ ራስ ጀርባ፣ እሁድ እሁድ ሰው ድርሽ በማይልበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ግድግዳው በእጅ በተሳሉ የድሮ ማስታወቂያዎች ተሸፍኗል፤ ደረታቸውን የገለጡ ቻይናዎች፣ ከሰው የሚረዝሙ ሰይፎች፣ እንደ በርበሬ የቀላ ደም። ከዚያ በታች የብረት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ አርባ አንድ የካራቴ ፊልም ካሴት፣ እያንዳንዱ በቀይ ቁጥር። ጎበዜ ከመደርደሪያው ሥር በጀርባው ተንጋልሏል። የመደርደሪያው ሹል ጫፍ ላይ ደም አለ።

“ተገፍቶ ነው የወደቀው” አለች ሀኒ። “ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጨምድዷል፤ አንድ ቁልፍ ተበጥሷል። የተሰረቀ ነገር ያለ አይመስልም።”

መሃል ላይ ቴሌቪዥንና አንድ አሮጌ የቪዲዮ ደክ አሉ፤ ሁለቱም ጠፍተዋል። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር አርባ አንድ ካሴት ከነልባሱ ተቀምጧል። ሀኒ በጓንት አውጥታ በመስኮቷ አየችው፤ የፊልሙ ክር በሙሉ በግራው ጎማ ላይ ተጠምጥሟል። ከመጀመሪያው ላይ ነው። ማለት አልታየም። ከካሴቱ አጠገብ አንዲት ክብሪት አለች፤ ያልተጫረች፣ ጫፏ ብቻ ትንሽ የተፈገፈገ።

“ያጨስ ነበር?” አለ አስናቀው።

አያጨስም ነበር። ሀኒ ክብሪቷን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ቁጥር ሰጠቻት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ተያዘ። ጃፋር ይባላል፤ ምናለሽ ተራ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ እየጠገነ ይሸጣል፣ በትርፍ ጊዜው አብነት አካባቢ ባለ አዳራሽ ለሠፈር ልጆች ዉሹ ያስተምራል። የመተላለፊያው ዘበኛ እሁድ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ቦርሳ ይዞ ሲወጣ አይቶታል፤ ከእሱ በኋላ የገባ ሰው አላየም። እርግጥ ዘበኛው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምሳ በልቶ ጋደም ብሎ እንደነበር ሲጨንቀው አምኗል። የጣቢያው ኮማንደር ግን ጉዳዩን የጨረሰው ያህል ነበር። ልጁ ድብድብ ያስተምራል፣ ሟቹን ፊልሞች አውሰኝ ብሎ ተከልክሏል፣ ከሟቹ ጋር በመጨረሻ የታየው እሱ ነው። ፍርድ ቤት እስከ ዓርብ ቀጠሮ ሰጠ። ዓርብ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

በጣቢያው በር ላይ የጃፋር ሚስት ሰዓድ ምሳ ዕቃ ይዛ ቆማ ነበር፤ መውለጃዋ የደረሰ ነፍሰ ጡር። አስናቀው ወንበር አስወጣላት። አልተቀመጠችም።

“ከዓርብ በፊት ይወጣል?” አለችው።

መዋሸት አይሆንለትም። አላውቅም አላት።

*

ወሰንየለሽ ስትናገር እግሯ ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አይነሳም፤ መርፌው ይቆማል እንጂ እግሯ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ግድግዳ ሥር ሰፍታለች። የጎበዜን ፊልሞች አንዱንም በዓይኗ አላየችም፤ በጆሮዋ ግን አርባ አንዱንም ታውቃቸዋለች። የትኛው ላይ ሽማግሌው እንደሚሞት፣ የትኛው ላይ ሴትዮዋ ሰይፍ እንደምትመዝ ታውቃለች። እሁድ ሰባት ተኩል አልፎ ስምንት ሳይሞላ ጎበዜ ፊልም እንደከፈተ ነገረችው። ቁጥሩን ባታውቅም ፊልሙን አውቃዋለች።

“ከመሃል ነው የጀመረው” አለች። “ከገበያው ጠብ። እንቁላል የሚሰባበርበት አለ አይደል? ከዚያ። ቀጥሎ ደግሞ ተርጓሚው መጣ። ደስ አለኝ፣ ሰሞኑን ድምፁን አጥቼው ነበር። ‘ካራቴው ይደርሳል፣ መጀመሪያ ውሃውን አምጣ’ ሲል ሰማሁትና ብቻዬን ሳቅሁ።”

አስናቀውም ሳይፈልግ ፈገግ አለ። ያችን አባባል መርካቶ ያደገ ሁሉ ያውቃታል። ማስረሻ ቻይንኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር። ማይክሮፎን ይዞ ስክሪኑ ጥግ ይቆምና ሽማግሌው መምህር አፉን በከፈተ ቁጥር ከሆዱ እያወጣ ያወራል። ክፉዎቹን በሠፈሩ አራጣ አበዳሪዎች ስም ይጠራቸዋል፤ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። ያ ድምፅ ኋላ ካሴቶቹ ላይ ተቀድቶ ለሌሎች ቪዲዮ ቤቶች ተሰራጨ። አስናቀው የመግቢያ አጥቶ ስንቱን ፊልም በማስረሻ አፍ ብቻ ከውጭ ሆኖ እንዳየ። መታገስን ከቄስ ትምህርት ቤት ይልቅ ከዚያች የውሃ አባባል የተማረ ይመስለዋል።

“ከዚያስ?”

“ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ። ከዚያ ፊልሙ ቆመ። ሽማግሌው ሳይሞት።”

“ጩኸት አልሰሙም?”

“ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ግድግዳ ሰው ሲገዳደል እሰማለሁ፣ ልጄ” አለች ወሰንየለሽ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። “የእውነቱን በምን ለይቼ ልነሳ?”

ኮማንደሩ ቃሏን አንብቦ ወደ ጎን አደረገው። ካሴቱ ከመጀመሪያው ላይ ነው፤ አልታየም፤ ሴትዮዋ ቅዳሜን ከእሁድ አምታታች። ሊከራከሩት የማይመች ነገር ነበር።

*

ማክሰኞ አስናቀው ቆርቆሮ ተራ ሄዶ ቦጋለን አነጋገረ። ቦጋለ ያኔ በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ አሁን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፣ ሆዱም ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። ከጎበዜ ጋር ከሦስት ወር በፊት በሰው ፊት ተጣልተዋል። ይህን ሰው ሁሉ ስለሚናገር እሱም አልካደም።

የተጣሉት በፊልሞቹ ነው። ውጭ አገር አንድ ሰብሳቢ አለ፤ እነዚህን ፊልሞች በዓለም ዙሪያ የሚያድን። ሰብሳቢውንና ጎበዜን በስልክ ያገናኛቸው ቦጋለ ነው። መጀመሪያ ማን ይፈልጋቸዋል ብሎ ሳቀ፣ ኋላ ግን ገባው።

“እነሱ አገር ፊልሙን አጥበውታል” አለ፤ ሚስማር በእጁ እየቆጠረ። “ደም የበዛበትን ቆርጠው ጥለዋል፣ ጭረቱን አስወግደው እንደ አዲስ አብረቅርቀውታል። ሰብሳቢው ደግሞ የሚፈልገው ቆሻሻውን ነው። በረዶ የሚዘንብበትን፣ ጡጫው እንደ ጣውላ ስንጥቅ የሚጮኸውን። የእኛው በጅቡቲ በኩል እንደመጣ ማንም ሳይነካው ቀረ። ጎበዜም እኮ እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ‘ይሄ ጭረት ይታይሃል? ይሄ ፊልም ስንት አገር ዞሮ ስንት ማሽን ቆርጦት እንደመጣ የሚናገር ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ የሌለው ሰው ምን ያወራሃል?’ አለኝ። ሽጠው አልኩት። ሌባ ብሎ ከቤቱ አስወጣኝ።”

“እሁድ ከሰዓት የት ነበሩ?”

ቦጋለ ቤቱ የጻድቁ ማኅበር ነበረበት፤ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ ሦስት ሰው አስተናግዷል፣ አንዱ ቄስ ናቸው። አስናቀው ሦስቱን ጠየቀ፣ ሦስቱም አረጋገጡለት። ቄሱ እንዲያውም ጠላው ቀጥኖ እንደነበር ጨምረው ነገሩት።

ወደ ለቅሶ ድንኳኑ ሄደ።

ማስረሻ ድንኳኑ ጥግ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ተቀምጧል። ከሰኞ ጀምሮ ከድንኳኑ አልወጣም። ለመጡት ወንበር የሚያመቻቸው፣ ለሩቅ ዘመድ የሚደውለው እሱ ነው። የጎበዜ እህት ታንጉት እየመጣች ትከሻው ላይ ታለቅሳለች። አስናቀውን ሲያየው እጁን በሁለት እጁ ያዘ። ያ መርካቶን ያስቅ የነበረ ድምፅ ሻክሯል።

የሠፈር ወሬ፣ የጎበዜ ሪህ፣ ጣቶቹ ታጥፈው ሸሚዙን እንኳ መቆለፍ እንዳቃተው አወሩ። ከዚያ አስናቀው ማንንም እንደሚጠይቅ ጠየቀው፤ እሁድ ከሰዓት የት እንደዋለ። ሲጠይቀው አፈረ።

“ጠዋት ቅዳሴ ላይ አይተኸኝ የለ?” አለ ማስረሻ። በእርግጥ አይቶታል፤ ሁለቱም አማኑኤል ነው የሚሳለሙት። “ከቅዳሴ ወጥቼ ሰንበቴ ገባሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አማኑኤልን፣ ከዚያ ንቅንቅ አላልኩም። ንቅንቅ ብዬ እሱ ጋ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር?”

አስናቀው ይቅርታ ጠየቀው። ማስታወሻው ላይ ‘ሰንበቴ፣ እስከ 9’ ብሎ ጻፈና ሥሩ አሰመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ያጣራ ነበር። አልሄደም። አማኑኤል ተጠርቶ ምን ይጣራል?

ሲወጣ ማስረሻ ተከተለውና ስለ ጃፋር ጠየቀው። ልጁ ተፈረደበት ወይ አለ። ዓርብ መዝገቡ እንደሚሄድ ነገረው። ማስረሻ ራሱን ነቀነቀና እግዚአብሔር ይፍረድ ብሎ ተመለሰ።

*

ረቡዕ ጠዋት ጃፋር ሌላ ነገር ጠየቀ። ራሱን ስለማስፈታት አልነበረም።

ሲያዝ ኪሱ ውስጥ አንዲት ጣት የምታህል ክብ ላስቲክ ተገኝታ ነበር፤ ከሌላው ዕቃው ጋር ተመዝግባለች። እንዳትጠፋ አደራ አለ።

“የጋሽ ጎበዜ ደክ ላስቲክ ናት፣ ኢንስፔክተር። የማጠንጠኛዋ። አልቃ ስለነበር ሰኞ ልኳን ምናለሽ ተራ ልፈልግለት ነበር። እሷ ከሌለች ደኩ ያጫውታል እንጂ ወደ ኋላ አይመልስም።”

አስናቀው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“እሁድ ጠዋት ነው ያወጣሃት?”

“አዎ። ካወጣኋት በኋላ ያጫውት እንደሆነ ብዬ እዚያው የነበረውን ካሴት ከፈትኩት። ቁጥር አርባ አንድ። አብረን ተቀምጠን አየን። ትንሽ ልናይ ብለን እስከ ገበያው ጠብ ደረስን።” የፈገግታ ያህል ነገር ጃፋር ፊት ላይ መጣና ጠፋ። “እዚያ ላይ አቁመው አለኝ፤ ከምሳ በኋላ ከሰው ጋር እጨርሰዋለሁ አለኝ። ካሴቱን ደኩ ውስጥ ትቼው ወጣሁ።”

“እንቁላል የሚሰባበርበት?”

“እርስዎም አይተውታል?”

አላየውም። ወሰንየለሽ ናት የነገረችው፤ ጃፋርና እሷ ደግሞ ከእሁድ ወዲህ አልተያዩም። ጃፋር ከገበያው ጠብ ላይ አቆምኩት ይላል፣ እሷ ከገበያው ጠብ ጀመረ ትላለች። ሴትዮዋ ቀን አላምታታችም። በዚያ ሰዓት ደግሞ ጃፋር፣ ልጆቹ እንደመሰከሩት፣ አብነት አዳራሽ ውስጥ ሃያ ልጆች እያስተማረ ነበር።

ታዲያ መሃሉ ድረስ የታየ ካሴት፣ ማጠንጠን የማይችል ደክ ውስጥ የነበረ ካሴት፣ እንዴት ከመጀመሪያው ላይ ሆኖ ልባሱ ውስጥ ተገኘ?

“ጃፋር፣ ያለ ደክ ካሴት ይጠነጠናል?”

“በእጅ ይቻላል። የድሮ ቪዲዮ ቤት ሰዎች ያደርጉታል። ከሥሩ አንዲት ቀዳዳ አለች። እሷን በቀጭን ነገር ተጭነው ጎማውን በጣት ማዞር ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ።”

“ቀጭን ነገር።”

“ክብሪት በሉት።”

የቪዲዮ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ የነበረው ማስጠንቀቂያ አስናቀው ዓይን ላይ መጣ፤ ካሴት ሳያጠነጥን የመለሰ ይቀጣል። በዚያ ቤት ሠርቶ ያረጀ ሰው ካሴት ከደክ አውጥቶ ሳይጠነጥን ልባሱ ውስጥ አይከትም። ልማዱ አይለቀውም። ጎበዜ እንዳይባል ጣቶቹ ቁልፍ እንኳ አይዙለትም። ቦጋለ ቤቱ ማኅበር ነበረበት።

ሦስተኛውን ስም ልቡ አልጠራም አለ።

*

ከሰዓት በኋላ ሀኒ ካሴቱንና ደኩን ይዛ ጎበዜ ክፍል ገባች። ካሴቱን እስከ ገበያው ጠብ ድረስ አሳልፋ እንድታጫውተው አስናቀው ነግሯታል። እሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ ወሰንየለሽ ዘንድ፣ በትራስ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ እንደገና ከግድግዳ ውጭ ሆኖ ፊልም ሊሰማ ነው።

እንቁላሉ ተሰባበረ። ቡጢዎቹ ጣውላ እንደሚሰነጥቅ መጥረቢያ ይጮኻሉ። ዋሽንት መጣ፤ ከዋሽንቱ ኋላ የሽማግሌ ድምፅ፣ ቀጭን፣ በማያውቁት ቋንቋ።

ወሰንየለሽ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።

“እዚህ ጋ” አለች። “እዚህ ጋ ነበር የጀመረው። ‘ካራቴው ይደርሳል’ ያለው።”

ሽማግሌው ይናገራል። ልጁ ይመልስለታል። በቻይንኛ ብቻ። አስናቀው ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ። ፊልሙ ሄደ፣ ሄደ፣ ሽማግሌው ሞተ። ከመሃሉ እስከ መጨረሻው አንዲት የአማርኛ ቃል የለችበትም።

“የት ሄደ?” አለች ወሰንየለሽ። “እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ። በልጄ እምላለሁ።”

“አይማሉ” አላት። “ሰምተዋል። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ እንጂ ካሴቱ ላይ አልነበረም።”

ያኔ ነው ፊቷ የተለወጠው። ሀኒ ከመደርደሪያው ሌሎች ስድስት ካሴቶች አውጥታ ሞከረች፤ ሁሉም እንደዚሁ ነበሩ። መሳቢያው ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ ተገኘ። ሰብሳቢው ለጎበዜ የጻፈለት ነው። የፊልሞቹን የጥንት ድምፅ እያንዳንዱን ልኮለታል፤ ምስሉ ጎበዜ ዘንድ፣ ድምፁ እሱ ዘንድ ስላለ በካሴቶቹ ላይ መልሶ እንዲቀዳው ይለምነዋል። በላዩ የሚያወራውን ሰው ድምፅ አጥፍቶ።

አስናቀው በዚያው አመሻሽ ወደ አማኑኤል ሄደ። ከደጁ ተሳልሞ የሰንበቴውን ሰብሳቢ ፈልጎ አገኘ። ሰውየው አላመነታም። ማስረሻ ጸበል ጻዲቁን ቀምሶ፣ ጎበዜ የሚያሳየኝ ነገር አለ ብሎኛል ብሎ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የወጣው።

አስናቀው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመ። ከነፍስ ግድያው ይልቅ ያችን መሐላ መዋጥ አቃተው። በዚህ ደጅ አብረው እየተሳለሙ፣ ይህን ስም ጠርቶ፣ ለእሱ በሐሰት ማለ። ማስታወሻውን አውጥቶ የተሰመረባትን መስመር አየ። ያሰመረው እሱ ነው። አንድ ልጅ ተጨማሪ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረው በዚያች መስመርም ነው።

*

ሐሙስ ጠዋት ማስረሻ በሩን የከፈተው ራሱ ነው። አስናቀው ብቻውን ነበር፤ ሀኒን መንገዱ ጥግ አስቁሟታል። በእጁ ያለው ነገር ቀጭን መሆኑን ያውቃል፤ አንዲት ክብሪት፣ አንዲት ላስቲክ፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ ጆሮ። ከሰንበቴ ስለመውጣቱ ረስቼው ነው ሊል ይችላል። ኮማንደሩ በጆሮ የሚያምን ሰው አይደለም። ማስረሻ ዝም ካለ መዝገቡ ነገ በጃፋር ስም ይሄዳል።

ስለዚህ ያለውን ሁሉ ሳይደብቅ፣ ሳያጋንን ነገረው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጠበቅ ይችልበታል።



“ወሰንየለሽ ሳቀች?” አለ ማስረሻ።

“ምን?”

“ውሃውን አምጣ ስል። ሳቀች?”

“ብቻዬን ሳቅሁ ብላኛለች።”

ሽማግሌው ጋቢውን ወደ ዓይኑ ወሰደ።

ታሪኩ ቀስ እያለ መጣ። እሁድ ጎበዜ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ነበር የጠበቀው። ቁጭ በል፣ ስማ፣ አሁን እኮ ፊልሙ ራሱ ነው የሚናገረው አለው። የእኔ ድምፅስ አለው ማስረሻ። ታጥቧል አለው። ከአርባ አንዱም። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየእሁዱ ሻይ አብረው እየጠጡ፣ ሲያጥብ ከርሟል። የውጭ አገሩ ሰብሳቢ ያንተ ድምፅ ያበላሸዋል አለኝ አለ፤ ለዓለም ሲደርስ እንዲያ ሆኖ መድረሱ አያኮራህም ወይ አለ። ማስረሻ ዝም ብሎ ትንሽ አየ። ሽማግሌው መምህር ሲመጣ ግን አፉ ራሱ ተከፈተ።

“እንደ ድሮው ጀመርኩለት” አለ። “ይስቃል ብዬ ነው። እጁን አነሳና ‘ዝም በል፣ ልስማበት’ አለኝ። ዝም በል። እኔን።”

“ገፉት።”

“አንድ ጊዜ።”

“ካሴቱንስ?”

ማስረሻ ጣቶቹን አየ፤ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ። ምን ላድርግ ብሎ ቆሞ ሳለ ፊልሙን እንዳቆመው፣ ማጠንጠኛውን ሲጫን እምቢ ሲለው ካሴቱን እንዳወጣ፣ ክብሪት ከምድጃው ሥር እንዳነሳ ነገረው። ለምን እንደሆነ አያውቅም። ካሴት ሳይጠነጠን አይቀመጥም።

“ሩብ ሰዓት ይፈጃል” አለ አስናቀው። “ያን ሁሉ ጊዜ ጋሽ ጎበዜ ይተነፍስ ነበር?”



“ያንኮራፋ ነበር” አለ ማስረሻ። “ሲነቃ ተቆጥቶ ያባርረኛል እያልኩ ነው የጠነጠንኩት።”

አስናቀው ወደ መስኮቱ ዞረ። ለካ ሊጠራ የሚችል ሰው ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ጊዜ ወሰንየለሽ ብሎ ቢጣራ። ይህን አላለውም። ሽማግሌው ፊት ላይ ቀድሞ ተጽፏል።

“ልጅ ሆኜ ሁለታችሁ ስታወሩ ሰምቼ ነበር” አለው ሳይዞር። “አንዱ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሌላው እንደዚያ ካደረግሁ እጄ ትቆረጥ አለ።”

“የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቻይንኛ የሚያውቅ ተርጓሚ ብታገኝ የእኔን ድምፅ ታጠፋዋለህ ወይ አልኩት።” ማስረሻ ትንፋሹን ዋጠ። “አየህ፣ እጁም ታጠፈች። ከታጠፈች በኋላ ነው ያጠፋኝ።”

“እርስዎም አማኑኤልን ጠርተው ማሉልኝ።”

“ማልኩልህ።”

“ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ልጁ ይፈረድበት እንደሆነ ጠየቁኝ።”

አስናቀው ትንሿን የድምፅ መቅጃ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አልከፈታትም። ሰዓድ በጣቢያው በር ላይ እንደቆመች፣ ዛሬ ሐሙስ እንደሆነ ነገረው። ለመናገር እንደማይገደድ፣ ዝም ማለት መብቱ እንደሆነ፣ ጠበቃ መጥራት እንደሚችልም ነገረው። ማስረሻ መቅጃዋን ዓይኑን ሳይነቅል አያት፤ ክብሪት ሳጥን ታክላለች።

“ካሴቶቹ ላይ ምንም አልቀረም አልከኝ?”

“ምንም።”

“ታዲያ ድምፄ የሚቀረው ይሄ ብቻ ነው።”

አስናቀው ተነስቶ ከጥጉ እንስራ በጣሳ ውሃ አመጣለት። ማስረሻ ከጣሳው ሁለት ጊዜ ተጎነጨ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው፤ ድሮ ማይክሮፎን ከመያዙ በፊት እንደሚያደርገው።

“ከመጀመሪያው ነው የምነግርህ” አለ። “እንዳታቋርጠኝ። ሲያልቅ አብሬህ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ለልጁም በአፌ እነግረዋለሁ። እሺ፤ ክፈታት።”